መንኮራኩሩ መሬት እስከነካ ድረስ

ሀብተሥላሴ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት አውሮፕላን በሚጠገንበት ቦታ እንጨቱን የሚልግ፣ ሸራውን የሚወጥር አናጢ ነበር። ፈረንጁ መካኒክ ስለ ሞተሩ ሲጨነቅ እሱ ስለ ክንፉ ይጨነቅ ነበር። ጦርነቱ መጥቶ አውሮፕላኖቹም ፈረንጁም በየፊናቸው ሲጠፉ ኮልፌ ወዳለው ቤቱ ተመለሰና አልጋና ወንበር፣ አንዳንዴም የሬሳ ሣጥን ይሠራ ጀመር። በዚያ ዘመን የሬሳ ሣጥን ሥራ አይጠፋም ነበር።

አንድ ነገር ግን አልተወም። ሥራ በቀዘቀዘ ቁጥር ወረቀት ያነጥፍና አውሮፕላን ይነድፋል። ትልቅ አይደለም፤ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ፣ የሞተር ሳይክል ሞተር የሚያስነሣው፣ ማንም ልባም አናጢ በግቢው ሊገጣጥመው የሚችል ዓይነት ነው። የእያንዳንዱን የእንጨት አጥንት ልክ፣ የእያንዳንዱን ማጠፊያ ማዕዘን ለብቻው ነድፎታል። ከወረቀቶቹ አንዱን ሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፎት ነበር። ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀው ሲመጣ አንበጣ ነው ይላል። ሚስቱ ሰርኬ እንኳ ለረጅም ጊዜ አንበጣ መስሏት ነበር።

አንበጣ አለመሆኑን ያወቀው ሲኞር ፓስኳሌ ነው። ፓስኳሌ ከኮልፌ ወደ ቀራንዮ በሚወስደው መንገድ ዳር የእንጨት መሰንጠቂያ የከፈተ፣ ወታደር ያልሆነ፣ ወፈር ያለ ጣሊያን ነው። ታናሽ ወንድሙ ግን የጦር አውሮፕላን ነጂ ነበር። ወንድሙ በመሰንጠቂያው ላይ ሲያልፍ ሆን ብሎ ዝቅ ይልና ጣራውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ማታ ባር ቤት ሲገናኙ ደግሞ በሰው ፊት «የመጋዝ ብናኝ» እያለ ይጠራዋል። ፓስኳሌ በር ሊያሠራ ሀብተሥላሴ ዘንድ የገባ ዕለት ግድግዳው ላይ ያለውን አየና የመጣበትን ጉዳይ ረሳ። ወደ ወረቀቱ ተጠግቶ ክንፉን በጣቱ ተከትሎ እስከ ጫፉ ሄደ። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛው፣ በአገሩ ሰዎች በጓሯቸው ትንንሽ አውሮፕላን እየሠሩ እንደሚበሩ ጋዜጣ ላይ አንብቦ ሲመኝ መኖሩን ነገረው። ሙሉውን ንድፍ ሽጥልኝ አለው። ዋጋውም ደረቅ የጽድ ጣውላ ነው፤ ሀብተሥላሴ ለዓመት የሚበቃው።

ሀብተሥላሴ እሺ ያለው ለጣውላው ብሎ ብቻ አልነበረም። ያን ሁሉ ጊዜ አንበጣ እየተባለ የኖረውን ነገር አንድ ሰው አውሮፕላን ብሎ ጠራለት። ልቡ የተሸነፈው በዚያ ነው።

ሰርኬ ነገሩን ስትሰማ ደስታውን ወዲያው አልነጠቀችውም። ራቱን እስኪጨርስ ጠበቀችና ሰውየው ወድቆ ቢሞትስ ብላ ጠየቀችው። እሱም ንድፉ ትክክል ስለሆነ አይወድቅም አላት። እንግዲያው ይበራል ማለት ነው አለች እሷ፤ ከበረረ ወጨጫ ተራራ ላይ የመሸጉት አርበኞች ያዩታል፤ ለጣሊያን ክንፍ የቀጠለለት ማነው ብለው ቢጠይቁስ? ሀብተሥላሴ ይህን አላሰበበትም ነበር። በማግስቱ ሁለቱም ወይዘሮ ወለተጻድቅ ዘንድ ሄዱ።

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ባላቸው የሞተባቸው፣ በደጉ ጊዜ ችሎት ቆመው ሲሟገቱ ዳኛው ምሳውን የሚረሳላቸው ሴት ነበሩ። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ግን የሚሟገቱበት ችሎት ጠፍቶ ከጎረቤት ጋር በዶሮ ሲከራከሩ ይውሉ ነበር። የሀብተሥላሴን ነገር ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። ከመጀመሪያው እንደገና እንዲነግራቸው አደረጉ፤ የምግብ ጣዕም ጠፍቶት እንደተመለሰለት ታማሚ ቀስ እያሉ አጣጣሙት።

«ሁለት ችሎት አለብህ» አሉት። «አንዱ እዚህ ታች፣ ገመድ ያለው። አንዱ እዚያ ላይ፣ ጠመንጃ ያለው። ቢወድቅ የታቹ ይፈልግሃል፤ ቢበር የላዩ ይፈልግሃል።»

ሀብተሥላሴ ሽያጩን ላፍርሰው ወይ አለ። እንደማይሆን ግን ራሱም ያውቀዋል፤ ጣውላው መጥቶ ለአልጋ መቆረጥ ጀምሯል፣ ጣሊያንን እምቢ ማለት ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ችሎት ነው። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ ንድፉን አጣምሜ ልስጠው፣ ጭራውን አሳጥሬ ጨርሶ እንዳይነሣ ላድርገው ብሎ ጠየቀ።

«ትችላለህ?» አሉት ወይዘሮ ወለተጻድቅ።

«ምኑን?»

«ማጣመሙን።»

ብዙ አሰበ። «አልችልም» አለ።

ባለመቻሉ ደስ አላቸው። አውቆ ያጣመመን ሰው የሚያድን ውል እስከዛሬ ጽፈው እንደማያውቁ ነገሩት። ንድፉ ቀጥ ያለ ይሁን፤ የሚጣመመውን እኔ አጣምመዋለሁ ብለው ወረቀት አስመጡ።

የጻፉት ውል እንዲህ ይጀምራል፤ ሻጭ የሸጠው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ያልተቀደደ፣ ያልተበሳ፣ አይጥ ያልነካው ነው። ይህ ወረቀት ከየትኛውም ከፍታ ቢወድቅ ሰው አይጎዳም። ሻጭ ገዢን ሥራ አላለውም፣ ተቀመጥበት አላለውም፣ ብረር አላለውም። ገዢው ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፎ አንበጣ ነው ቢል መብቱ ነው።

ውሉን ለፓስኳሌ በጣሊያንኛ ያነበበለት ባጫ ነበር። ባጫ በአካባቢው ሹም ቢሮ አስተርጓሚ ነው። ፊቱ አይፈታም፣ የማን ወገን እንደሆነ አይታወቅም፤ ኮልፌ ውስጥ እሱ ሲያልፍ ወሬ ይቋረጣል። ፓስኳሌ እስከ መጨረሻው ሰማና ቅር አለው። ንድፉ የተሳሳተ ሆኖ ገና ሳልነሣ ቢገለበጥብኝ ማንን ልጠይቅ ነው አለ። ትክክል ነው፤ ወይዘሮ ወለተጻድቅም ትክክል መሆኑን አመኑለት። ጥቂት አሰቡና ይህንን ጨመሩ፤

«መንኮራኩሩ መሬት እስከነካ ድረስ ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ሻጩ ይጠየቃል። መንኮራኩሩ መሬት ከለቀቀ ወዲያ ገዢውና ፈጣሪው ይነጋገሩ።»

ይህን ሲሰማ ፓስኳሌ ሳቀ። እሱ መሬት ላይ ብዙ የመቆየት ሐሳብ አልነበረውም። ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አጥር ሥር፣ ሽማግሌዎች ባሉበት ፈረመና ወረቀቶቹን እንደ ሕፃን ታቅፎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሀብተሥላሴን የያዘው ሌላ ሥቃይ ነው። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ሥራው ላይ እጁን እንዳያሳርፍ፣ አፉንም እንዳይከፍት አስጠነቀቁት። አንድ ሚስማር ካቀበልክ ሠሪ ሆነሃል፣ አንድ ቃል ከመከርክ አስተማሪ ሆነሃል፤ ያኔ ውሉ ውል አይደለም አሉት። እሱ ግን በመሰንጠቂያው አጥር በኩል ሳያልፍ መዋል አቃተው። በአጥሩ ቀዳዳ ሲያይ ፓስኳሌና ሠራተኞቹ የክንፉን አጥንት ገልብጠው ሲያጣብቁ ያያል። አንድ ቀን ሳያስበው ሳል አመለጠው። ፓስኳሌ ቀና አለ፤ አጥሩን አየ፣ እጁ ላይ ያለውን እንጨት አየ፣ ገለበጠው። ሳሉ ቆመ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሀብተሥላሴ ጉንፋን ያዘው። ኮላው ሳይደርቅ ሊያነሡት ሲሉ ያስለዋል። ሸራው ሲረግብ ያስለዋል። የጭራው ማጠፊያ ተጣሞ ሲገባ እንደ ሳምባ በሽተኛ ሳል ያጣድፈዋል። ፓስኳሌም ሥራ ሊጀምር ሲል ጆሮውን ወደ አጥሩ ማዘንበል ለመደ። አንዱ ለሌላው አንድ ቀን እንኳ ቃል አልተነፈሰም።

አውሮፕላኑ ያለቀው በታኅሣሥ፣ እህል ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ቀራንዮ ሜዳ ላይ ሊሞከር ቀን ተቆረጠ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ሀብተሥላሴ በዚያ ቀን ሜዳው አካባቢ ድርሽ እንዳይል ብለው ጧት ቤታቸው ጠሩትና በር ላይ ቁጭ አሉ። በሩ ተንጋዷል፣ ቢያቀናላቸው ደስ ይላቸዋል። መላጊያውን ይዞ ተቀመጠ እንጂ አንድ ፍቅፋቂ አላነሣም። ከሩቅ የሞተሩ ድምፅ መጣ። ከፍ አለ፤ ይበልጥ ከፍ አለ። ሀብተሥላሴ ተነሣ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ተቀመጥ አሉት። ከዚያ ድምፁ ጠፋ፣ ወዲያው የውሻ ጩኸት ተከተለ።

የሆነውን የሰሙት ከሰዓት በኋላ ነው። አውሮፕላኑ ሜዳውን እየተንገጫገጨ አቋርጦ፣ ከሜዳው ጫፍ ካለው ጉብታ ባሻገር ከነበረው ከገበሬዋ ከወይዘሮ ጉዲቱ የጤፍ ጭድ ክምር ውስጥ ገብቷል። ጭዱ ሜዳውን ለብሶታል፣ የጉዲቱ ላሞች እስከ አመሻሹ አልተገኙም። ፓስኳሌ ከጭዱ ውስጥ ክንዱ ተሰብሮ፣ በሕይወት ወጥቷል። ጉብታው ላይ ተነሥቷል የሚል አለ፤ አልተነሣም የሚልም አለ። ሜዳው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሲሸሽ ስለነበር ጀርባው እንጂ ዓይኑ ምስክር አልሆነም። የመንኮራኩሩን ዱካ ደግሞ ላም ፍለጋ የወጣው ሰው ረጋግጦታል።

ሀብተሥላሴ በማግስቱ ለጣሊያን ባደሩ ሁለት አስካሪ ወታደሮች ተይዞ ሹሙ ቢሮ ግቢ ውስጥ ዕቃ ቤት ተዘጋበት። ሰርኬ ምግብ ስታመላልስ ሰነበተች። ከግቢው መሀል ስለቆመው ባለ ገመድ ግንድ ሁለቱም አላወሩም፤ ለምን እንደቆመ ኮልፌ ሁሉ ያውቃል።

ክሱ የተሰማ ዕለት ሹሙ ካፒታኖ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ የፓስኳሌ ወንድም፣ አውሮፕላን ነጂው፣ በመስኮቱ በኩል ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። ጉዲቱ የጭዷን ካሣ ልትጠይቅ መጥታ ጥግ ይዛለች። ባጫ መሀል ቆሞ ያስተረጉማል። ፓስኳሌ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ቃሉን ሰጠ። መንኮራኩሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መሬት አልለቀቀም፤ ስለዚህ በውሉ መሠረት ለክንዴም ለጭዱም የሚጠየቀው ሻጩ ነው አለ። ደግሞም ይህ ሰው ሥራውን በሳል ሲመራኝ ነበር፣ ንድፉን ብቻ አይደለም የሠራው አለ።

ካፒታኖው የሳሉን ነገር ሁለት ጊዜ እንዲተረጎምለት አደረገ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። በመጋዝ ብናኝ አጠገብ የሚያልፍ ሰው ማሳሉ በየትኛው ሕግ እንደተከለከለ እንዲነገራቸው ጠየቁ። ሲኞር ፓስኳሌ ሰው ባሳለ ቁጥር እንጨት የሚገለብጡ ከሆነ፣ ጥፋቱ የሳሉ ነው ወይስ የጆሮው ብለው ተናገሩ። ካፒታኖው የሳሉን ነገር ተወው። ሀብተሥላሴ ግን እፎይ አላለም፤ ዋናው ገና ነው።

ወይዘሮ ወለተጻድቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ፓስኳሌ ዞሩ። እናት ልጇን በምታባብልበት አነጋገር፣ እንኳን እውነቱን ነገሩን አሉት። የኮልፌ ሰው ሁሉ ሲኞር ፓስኳሌ በረረ እያለ ሲያወራ ሰንብቷል። እሳቸውም አምነው ነበር። እንግዲህ ዛሬውኑ ገበያው ላይ አስነግራለሁ አሉ፤ ሲኞር ፓስኳሌ አልበረረም፣ በጋሪ ሄዶ ጭድ ውስጥ ገባ ብዬ። እዚህ የቆሙት ወንድሙም በከንቱ እንዳይኮሩ አሁን መስማታቸው ደግ ሆነ አሉ።

ባጫ ፊቱ ሳይፈታ ቃል በቃል አስተረጎመ። የነጂው ሲጋራ አፉ ላይ ቆመ። ካፒታኖው ወንበሩ ላይ ተደግፎ ፓስኳሌን እያየ፣ ባር ቤት ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ ከላይ አየሁ ያልከንስ ብሎ ጠየቀው። ነጂው መሳቅ ጀመረ። በጣሊያንኛ የሆነ ነገር ጣል አደረገ፤ ሀብተሥላሴ ከውስጡ የገባው «የመጋዝ ብናኝ» የሚለው ብቻ ነበር፤ ፓስኳሌ መሰንጠቂያው ውስጥ ለራሱ ሲያጉተመትመው ስንቴ ሰምቶታል።

ፓስኳሌ ቀላ። የተሰበረ ክንዱን ረስቶ ሊያነሣው ሞከረና ፊቱ ተጨማደደ። ወንድሙን አየ፣ ካፒታኖውን አየ፣ ውሉን አየ።

«በርሬአለሁ» አለ በአማርኛ። ማንም እንዳይስተው በጣሊያንኛ ደገመው።

«ይጻፍልኝ» አሉ ወይዘሮ ወለተጻድቅ።

ተጻፈ። መንኮራኩሩ መሬት ስለለቀቀ ሻጩ ተለቀቀ። የጉዲቱን ጭድ ፓስኳሌ እንዲከፍል ተፈረደበት። ያለ ፈቃድ መብረር ክልክል ስለሆነም መቀጫ ተጨመረበት፣ ስብርባሪውም ተወረሰ። ሀብተሥላሴ ክንፍ ያለው ነገር ዳግመኛ እንዳይነድፍ ተነግሮት ወጣ። በደጅ ሲያልፍ ነጂው ወንድም ፓስኳሌን ደህናውን ትከሻውን መታ መታ ሲያደርገው አየ። ፓስኳሌ ያን ሁሉ ተፈርዶበት እንደ ሙሽራ ያብረቀርቅ ነበር።

ይህ የታቹ ችሎት ነው። የላዩ ሳምንት ሳይሞላ መጣ።

ሀብተሥላሴ ያን ጅምር በር ለወይዘሮ ወለተጻድቅ እያቀና ሳለ ባጫ ገባ። የቢሮ ባርኔጣውን አላደረገም። መደብ ላይ ተቀመጠና ዛሬ የመጣሁት ከቢሮ አይደለም አለ። ከየት እንደመጣ አልተናገረም፤ በመስኮቱ ግን ወደ ወጨጫ ተመለከተ። ሁለቱም ገባቸው። ኮልፌ ሙሉ የሚፈራው ሰው ሲያገለግል የኖረው ሌላ ጌታ ኖሯል። ባጫ ነገሩን አላስረዘመም፤ በኮልፌ አናጢ ንድፍ ጣሊያን በረረ የሚለው ወሬ ተራራው ድረስ ደርሷል፣ ሰዎቹ ይህ አናጢ ወዳጅ ነው ጠላት ብለው መልስ ይጠብቃሉ አለ።

ሀብተሥላሴ መላጊያውን አስቀመጠ። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ግን ይህን ቀን ሲጠብቁ እንደኖሩ ሁሉ ተመቻችተው ተቀመጡ።

«ባጫ፣ ቢሮ ውስጥ በረረ ያልኩት እኔ ነኝ?»

«አይደሉም፣ እትዬ።»

«ሀብተሥላሴ ነው?»

«እሱ ትንፍሽ አላለም።»

«ታዲያ ማነው?»

«ፓስኳሌ ነው።»

«እና እነዚያ ልጆች ጫካ የገቡት የጣሊያንን ቃል ለማመን ነው?»

ባጫ ሳቀ። ሲስቅ ያየው ሰው ስላልነበረ ሀብተሥላሴ መጀመሪያ የታመመ መሰለው። ሲበርድለት ግን ወደ ሀብተሥላሴ ዞረ፤ የነደፍከው አንተ ነህና ከአንተ አፍ ልስማ፣ በሯል ወይስ አልበረረም አለው።

ሀብተሥላሴ ወይዘሮ ወለተጻድቅን አየ። እሳቸው ነጠላቸውን ያዩ ነበር፤ ይህን እሳቸው ሊመልሱለት አይችሉም። የእያንዳንዱን አጥንት ልክ አሰበ። ሸራው ሲወጠር የሚያወጣውን ድምፅ አሰበ።

«ጋሪ ነው» አለ በመጨረሻ። «ክንፍ ያለው ጋሪ። አይነሣም።»

ባጫ ራሱን ነቀነቀ፣ ተነሥቶ ወይዘሮ ወለተጻድቅን እጅ ነሥቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ ከተራራው የጠየቀ አልመጣም። ወይዘሮ ወለተጻድቅ ሁለቱንም ችሎት በመርታታቸው ያን ቀን ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም አሉ፤ የዶሮዋን ባለቤት ሳይቀር። ሀብተሥላሴ ግን በሩን ገጥሞ ሳይበላ ሄደ።

በነጋታው ወደ ኮልፌ ገበያ መሄዱን ትቶ እግሩ ወደ ቀራንዮ ወሰደው። ጉዲቱ በፓስኳሌ ካሣ አዲስ ጭድ አስመጥታ በመንሽ ስትከምር አገኛት። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ላሞቹ ደህና መሆናቸውን ጠየቃት። ወዲያና ወዲህ ሲል ቆየና፣ ያን ቀን ክምሩ አጠገብ የነበርሽው አንቺ ብቻ ነሽ፣ መንኮራኩሩ መሬት ሲለቅ አይተሻል ወይ አላት። ይህን እስከዚያች ሰዓት ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር።

ጉዲቱ መንሹን ተደገፈች። ምንም እንዳላየች ነገረችው፤ ሲመጣባት በግንባሯ ተደፍታ ነጠላዋን ተከናንባ ነበር።

«ሰምቻለሁ ግን» አለችው። «ጓ ጓ ጓ እያለ፣ ድንጋዩን እየደበደበ መጣ። ከዚያ ጉብታው ጋ ሲደርስ የመንኮራኩሩ ጓጓታ ጠፋ። ነፋስ ብቻ ሆነ። ከዚያ ጭዴ ውስጥ ገባ።»

«ምን ያህል ጠፋ?»

ጉዲቱ ዓይኗን ጨፍና ያን ጊዜ አስታወሰች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«'መድኃኔ ዓለም' ብዬ 'ድረስልኝ' እስክል» አለችው።

ሀብተሥላሴ አመሰገናት። መሬት ላይ የወደቀውን ሌላውን መንሽ አነሣና እስኪመሽ ጭዱን አብሯት ከመረ። ለምን እንደሚያግዛት አልጠየቀችውም፤ እሱም በየመሀሉ ብቻውን ፈገግ ይል ነበር።